የእግርና የጎማ ደብተር

ጥቅምት 9

ባለኮርቻው፣

እንዴት አደርክ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፣ ስፌት በዝቶባታል። ብስክሌትህ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። የኋላው ጎማ ትንሽ ተንፍሷል፤ እስካሁን ስላልነካሁት አትቆጣኝ።

ይህን የምጽፈው በደብተራችን የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። የፊተኞቹ ገጾች እንዳሉ ናቸው፤ በግራ «እግር»፣ በቀኝ «ጎማ»። ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እኔ በእግር፣ አንተ በጎማ፣ ከበራችን እስከ ውሃ ታንከሩ ደርሰን ስንመለስ፣ ማን የበለጠ እንደለፋ ተከራክረን አልጨረስንም። እኔ «ተቀምጠህ እየሄድክ ስፖርት ሠራሁ አትበል» እላለሁ። አንተ «ታዲያ ወንበሩን ማን ገፋው፣ ጎረቤት?» ትላለህ። መልስ አለኝ፤ ትንፋሽ ግን የለኝም። አንተ ደግሞ ከበር እስከ ታንከር አፍህ አይዘጋም። ስለ ደንበኞችህ፣ ስለ ተጣመመ ቸርኬ፣ ፍሬን የሌለው ብስክሌት አምጥቶ «ደወሉን ብቻ አስተካክልልኝ» ስላለህ ሰውዬ።

ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ማንም የራሱን ልብ አይቆጥርም። «ሰው የራሱን ሲቆጥር ያጭበረብራል» ብለህ። ስለዚህ ታንከሩ ጋም ቤትም ስንደርስ አንተ የእኔን አንጓ ትይዛለህ፣ እኔ ያንተን። አሥራ አምስት ሰከንድ፣ ሲባዛ በአራት።

ነገ ለአክስታችን ልጽፍላት ነው። ሥራዋ ሰውን ብስክሌትና መሮጫ ላይ አውጥቶ ልቡን ማየት ስለሆነ እሷ ትዳኘን። ካሸነፍኩህ አታኩርፍ።

ስሙን ራስህ ያወጣህልኝ፣
እግሬ አውጪኝ


ጥቅምት 10

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ፣

ባሕሩን አልፎ ሰላምታዬ እጅዎ ይግባ። ጤናዎን፣ ሥራዎን፣ የሚኖሩበትንም ቤት እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኛ ቤት ያለነው ሁለት ብቻ ብንሆንም ደህና ነን።

ወንድሜን ከቀበርነው አምስት ሳምንት አለፈ። በየእሑዱ ስለሚደውሉልን እማዬ እስከ ማክሰኞ ፊቷ በርቶ ይቆያል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ በስልኩ ብዙ የማልናገረው አኩርፌ አይደለም። እማዬ ጆሮዋን ከጆሮዬ አጠገብ አድርጋ ስለምትሰማ ነው። ለዚህ ነው ወረቀት የመረጥኩት።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለትምህርት ቤት ነው። ሩጫና ብስክሌት ሲወዳደሩ ልብን የበለጠ የሚያለፋው የትኛው ነው? በስንት እጥፍ? ወንድሜና እኔ የልባችንን ምት እየቆጠርን የጻፍንበት ደብተር ስላለ፣ በዚያ ላይ ተመርኩዤ ልሠራው አስቤያለሁ። እባክዎን በዝርዝር ይጻፉልኝ። ቁጥሩን እርግጠኛ ያድርጉልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 29

ለእግሬ አውጪኝ፣ ለልጄ፤

አንተን ያቆየልኝ ፈጣሪ ይመስገን፤ እናትህንም ደግፎ ያኑርልኝ። ግን «እርስዎ» እያልክ አታስረጀኝ። የሽንት ጨርቅህን ያጠብኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ በኋላ መከባበሩ ትንሽ ይከብዳል።

ጥያቄህ የእንጀራዬ ጥያቄ ነው። የምሠራበት ክፍል ጠባብ ነው። በአንዱ ጥግ የትም የማይሄድ ብስክሌት ቆሟል፤ በሌላው ጥግ መሬቱ ራሱ ወደ ኋላ የሚሸሽ መሮጫ አለ። የሰዎቹን ደረት ላጭቼ ገመድ እለጥፍባቸዋለሁ፤ ከዚያ በየሦስት ደቂቃው ሥራውን እያከበድኩ ልባቸው የሚጽፈውን መስመር አያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወፍራም ሾፌር ሁለቱንም ሞከረና «እህቴ፣ ሦስተኛ ምርጫ የለም?» አለኝ።

ዳኝነቱ ይኸውልህ። መንገዱም ፍጥነቱም አንድ ከሆነ አሸናፊው አንተ ነህ፤ ሯጩ ከባለብስክሌቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይለፋል። ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ ገላውን ከመሬት ያነሳል፣ መልሶም በእግሩ ይቀበለዋል። ባለብስክሌቱን ግን ኮርቻው ተሸክሞለታል። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እግሩን ቢያሳርፍም ጎማው ይሄድለታል። አንተ እግርህን ብታሳርፍ ቆምክ ማለት ነው።

ነገር ግን ክርክራችሁ ከሥሩ ስህተት ነበረበት። ሦስት ዓመት ሙሉ የሄዳችሁት በሯጩ ፍጥነት ነው። ወንድምህ እንደልቡ ቢነዳ፣ ወይም ዳገት ቢገጥመው፣ እንዳንተው ባለከለከ ነበር። ልብ እግር ይሁን ጎማ አያውቅም፤ የሚያውቀው ምን ያህል እንደተጠየቀ ብቻ ነው።

የደብተሩን ቁጥር ገልብጠህ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። ሁሉንም አይደለም፤ ከየዓመቱ ትንሽ ትንሽ።

የምትወድህ አክስትህ


ኅዳር 12

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ፣

የደስታ ዜና የሚሰሙበት ሳምንት ያድርግልዎ። «አንቺ» ለማለት ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ፤ ይታገሱኝ።

ፍርዱን ለእማዬ ነገርኳት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «እናንተ ተከራከሩ። እኔ ሃያ ዓመት ፔዳል ረግጬ ከዚህች ክፍል አልወጣሁም» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ስትቀልድ የመጀመሪያዋ ነው። ምክንያቱ የእርስዎ ደብዳቤ ነውና አመሰግናለሁ።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት እግር 168፣ ጎማ 96። በሁለተኛው እግር 164፣ ጎማ 104። ባለፈው ግንቦት እግር 160፣ ጎማ 124። ሐምሌ ላይ እግር 156፣ ጎማ 136። መንገዱ ያው ነው። ፍጥነቱም ያው ነው፤ እኔ መቼም አልፈጠንኩም።

ጎማው ለምን እንደጨመረ የገባኝ መስሎኝ ነበር። «ካቴናህ ደርቋል፣ ዘይት ቀባው። የሰው ብስክሌት እየጠገንክ የራስህ ያቃስታል» እለው ነበር። ሳቀና በማግሥቱ ቀብቶት መጣ። ቁጥሩ ግን አልወረደም። እኔም መልሼ አልጠየቅሁም።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ክረምቱ ላይ መንገድ ለመንገድ ማውራቱን ቀንሶ ነበር። ወሬ አለቀበት ብዬ ነበር።

የነሐሴን ገጽ አልገለበጥኩትም፤ ቀለም ፈሶበታል።

አክባሪዎ


ጥር 2

ለልጄ፤

ሰላምህ ይብዛ። በመዘግየቴ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ቁጥሮቹ ደርሰውኛል።

ፈተናህ እየቀረበ ስለሆነ አሁን ትምህርትህ ላይ አተኩር። ደግሞ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ልብ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ልላክልህ? ጥቁር ይሻልሃል ወይስ ሰማያዊ? እናትህን ሳምልኝ።

አክስትህ


ጥር 16

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስለ ሰዓቱ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ግን አይላኩልኝ። ሰዓቱ የሚቆጥረው የባለቤቱን ልብ ነው፤ የእኛ ሕግ ደግሞ ያንን አይፈቅድም።

ስለ ቁጥሮቹ ምንም አላሉኝም። ሥራዎ ቁጥር ማንበብ ሆኖ ሳለ ዝም ማለትዎ ራሱ መልስ ነው። ስለዚህ እኔም ዋሽቼ ከምቆይ እውነቱን ልጻፍ። ጥያቄው ለትምህርት ቤት አልነበረም። ገጹ ላይም ቀለም አልፈሰሰም።

ነሐሴ 27 ጠዋት ከታንከሩ በፊት ካለው ድልድይ ስንደርስ ተናድጄ ቆምኩ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትመክረኛለህ። ወንድ ከሆንክ ውረድና ሩጥ» አልኩት። ጉልበቱን እንደሚያመው ስንት ዓመት ሲነግረን ኖሯል፤ አውቅ ነበር፤ ግን አልኩት። ከኮርቻው ወረደ። ከዚያ ብስክሌቱን ሰጠኝና «ኮርቻውን ዝቅ ሳታደርግ ከደረስክ ጎበዝ ነህ» አለኝ። ከድልድዩ እስከ ታንከሩ እሱ በእግር፣ እኔ በጎማ ሄድን። አንጓውን ስይዘው 172። ተቀመጠ። አምስት ደቂቃ ቆይቶ «እስቲ ድገም» አለኝ፤ 112። ሁለቱንም ጻፍኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሱቁ ውስጥ ጎማ ሲነፋ ወደቀ። ሆስፒታሉ ለእማዬ «ልቡ ነው» አላት።

እርስዎ ሩጫ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው ብለውኛል። እኔ ያን ቀን ሁለት እጥፍ ተኩሉን ጫንኩበት። የምጠይቅዎ ይህን ብቻ ነው፤ እኔ ነኝ ወይ? ትንሽ ልጅ ነው ብለው አይሸፍኑብኝ። ሦስት ዓመት ልቡን በጣቴ ይዤ ያልገባኝ ሰው ነኝ፤ አሁን እንዲገባኝ እፈልጋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 30

ለልጄ፣ ለሆዴ፤

ይህ ወረቀት በሰላም ደርሶህ፣ ተቀምጠህ አንብበው። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። አላዘገየሁትም፤ ዛሬ ጠዋት ወደ አለቃዬ ወደ ልብ ሐኪሟ ይዤው ገባሁ። መልሷን እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን የእኔን ኑዛዜ ስማ።

ወንድምህ ጉልበቱን አሞት አያውቅም። አሥራ ስምንት ዓመቱ ላይ ሩጫ ያቆመው ሐኪም የልቡ ጡንቻ እየደከመ መሆኑን ነግሮት ነው። እኔ ብቻ አውቅ ነበር። መድኃኒቱን ሱቅ ውስጥ መፍቻ ከሚያስቀምጥበት ሳጥን ስር ይደብቅ ነበር። ለእናትህ ንገር ስለው «የልጁ ፈተና ይለፍ» ይለኛል። ልንገራት ስለው «ከነገርሻት አልጽፍልሽም» ይለኛል። ፈራሁና ዝም አልኩ። ቁጥሮችህን ሳይ ደግሞ እኔ ያወቅሁትን አንተ ሳታውቅ እንደጻፍከው ገባኝ፤ ብዕር ማንሳት አቃተኝ። ማሩኝ። ለእናትህ ትናንት በስልክ ነግሬያታለሁ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የሐኪሟን ቃል ስማ። የመጀመሪያው ዓመት 96፣ ሐምሌ ላይ 136፤ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቀስታ። «ልቡ ከነሐሴ ብዙ ቀደም ብሎ እየደከመ ነበር» አለች። የነሐሴውን ሳነብላት ደግሞ አስደገመችኝ። «በአምስት ደቂቃ 172 ወደ 112 ወርዷል፤ ያን ቀን ሩጫውን ተሸክሞታል። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ሠርቷል። ያን ሩጫ ምክንያት ብዬ አልፈርምበትም» አለች። በእኛ ክፍል መቶ በመቶ የሚባል ነገር የለም፤ አንተን ማታለል ስለማልፈልግ ይህንንም እጽፍልሃለሁ። ግን የሰማሁት ይህ ነው፤ እኔም የማምነው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ነገር ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት ነው። በዚያው በነሐሴ 27 የጻፈልኝ ነው። ፖስታው ዘግይቶ መስከረም 15 ደረሰኝ፤ ከተቀበረ በኋላ። እስካሁን ለማንም አላሳየሁም። ያንተ ነውና ውሰደው።

አክስትህ

«ለአክስቴ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ከመቆጣትሽ በፊት አንብበሽ ጨርሺ። ዛሬ ሮጥኩ። ከድልድዩ እስከ ታንከሩ፣ ያውም በሥራ ጫማ። ልጁ ነው ነገር የፈለገኝ፤ ወንድ ከሆንክ ውረድ አለኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን እግሬ ከአእምሮዬ ቀድሞ ወረደ። ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር አክስቴ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ትዝ አለኝ። እሱ ብስክሌቱ ላይ ሆኖ እንደ ሰካራም ሲወላገድ እኔ በሳቅ ልሞት ነበር፤ በሩጫው አይደለም። ያንን ፊቱን ብታዪው።

ለምን አትነግረውም ትይኛለሽ። ካወቀ መሮጡን ያቆማል፤ ለኔ ብሎ በእግሩ ይራመዳል። ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታስታውሻለሽ፤ «እያወራህ መንዳት ከቻልክ ንዳ፤ ወሬው ከተቆረጠ ውረድ።» ከሌሎች ባለብስክሌቶች ጋር ብወጣ አስከትለው ይገድሉኝ ነበር። የዚህ ልጅ ሩጫ ግን ለኔ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ኤሊ ነው፤ ብርቱ ኤሊ። ሦስት ዓመት ከጎኑ እያወራሁ ነዳሁ። እሱ ወሬኛ ይለኛል፤ እኔ መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው። ሰሞኑን ወሬው ያጥረኛል፤ አውቃለሁ፤ ወደ ሐኪሙ እሄዳለሁ። ለዛሬ ግን አትቆጪኝ፤ ደስ ብሎኛል።»


የካቲት 14

ለምወድሽ አክስቴ፣

ለነገርሽኝ ሁሉ ዕድሜ ይስጥሽ። አፌም በመጨረሻ ተፈታልኝ፤ ይኸው «አንቺ» አልኩሽ።

ወረቀቱን ትምህርት ቤት ይዤው ሄጄ በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አነበብኩት። ከዚያ ማታ ለእማዬ አነበብኩላት። «ኤሊ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። «እኔ እኮ ያንን ሁሉ ጠዋት ስትጣሉ ነው የሚመስለኝ» አለች። ደብቆን በመቆየቱ ገና ተናዳለች። እኔም ትንሽ ተናድጃለሁ። ግን ሩጥ ያልኩት እኔ ብሆንም የሮጠው ፈልጎ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ይህን ባትልኪልኝ ዕድሜ ልኬን አላውቀውም ነበር። ማሩኝ ያልሽውን እማዬም እኔም አንድ ላይ መልሰናል፤ ይቅር የሚባል ነገር የለብሽም።

በሕይወቴ ቀርፋፋ በመሆኔ ሳመሰግን የመጀመሪያዬ ነው። ስንት ጊዜ በፈጠንኩ እያልኩ ተቆጭቻለሁ። ፈጥኜ ቢሆን ኖሮ ከጎኔ አይኖርም ነበር።

ከመስከረም ወዲህ አልወጣሁም ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ብቻዬን የወጣሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው፤ ያደረግሁትን ልንገርሽ። ብስክሌቱን ከግድግዳው አወረድኩና የኋላውን ጎማ ነፋሁ። ካቴናውን በጣቴ ነካሁት፤ ዘይቱ አልደረቀም። በቀኝ እጄ ኮርቻውን ብቻ ይዤ ከጎኑ መሮጥ ጀመርኩ። ብስክሌት በኮርቻው ብቻ ይዞ መምራት ይቻላል፤ እሱ ነው ያሳየኝ። ሐኪሙ ባለው ፍጥነት ሮጥኩ፤ እያወራሁ። ስለ ፊዚክስ ፈተናው፣ እማዬ እጅጌውን ገልብጣ ስለሰፋችው ኮት። በር የሚጠርግ አንድ ዘበኛ መጥረጊያውን አቁሞ አየኝ። እንዲያ እያወራሁ ድልድዩ ደረስኩ። ከዚያ ኮርቻው ላይ ወጣሁና እስከ ታንከሩ ነዳሁ። ኮርቻውን ዝቅ አላደረግሁትም፤ እግሬ ይደርሳል።

ታንከሩ ጋ እንደ ልማዴ አንጓዬን ወደ ጎን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። የሚቆጥርልኝ ሰው አልነበረም። ስመለስም የሄድኩበትን መንገድ በሩጫ ነው የመጣሁት፤ ብስክሌቱን በኮርቻው ይዤ።

ቤት ስገባ እማዬ መኪናዋ ላይ ናት።

«ደርሰህ መጣህ?»

«ደርሼ መጣሁ።»

«በምንህ?»

«በሁለቱም።» ትንፋሼ ሳይመለስ እጄን ዘረጋሁላት።

«ምን ላድርገው?»

«ቁጠሪ። ሰዓቱን እኔ አያለሁ፤ በቃ ስልሽ ታቆሚያለሽ።»

እግሯን ከፔዳሉ አወረደች። ጣቷ ላይ ያለውን የመርፌ ቆብ አወለቀችና ጣቶቿን አንጓዬ ላይ እያዘዋወረች ፈለገች። መጀመሪያ አጣችው፤ ከዚያ አገኘችው። ድምጿን ከፍ አድርጋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ጀመረች። ሠላሳ ስምንት ስትል አሥራ አምስት ሰከንዱ ሞላ። በቃ ልላት ቀና ስል ዓይኗን ጨፍናለች።

ስልሳ አለች። ሰባ አለች። አላስቆምኳትም።